ልጅሽ «እኔ ጥቁር ነኝ እንዴ?» ሲል ምን እየጠየቀ ነው?

ጥያቄ፦ «ልጄ 13 ዓመቱ ነው። የተወለደው እዚሁ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ባለፈው ወር ክፍል ውስጥ ስለ ባሪያ ንግድ ሲማሩ ልጆቹ ሁሉ ዞረው እሱን አዩት። ቤት ሲመጣ ‹እማዬ፣ እኔ ጥቁር ነኝ እንዴ?› አለኝ። አባቱ ‹አንተ ሐበሻ ነህ፣ እኛ ቅኝ ተገዝተን አናውቅም፣ ይሄ አንተን አይመለከትም› ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ልጁ ዝም ብሏል። አሁን ማታ ማታ ስልኩ ላይ ‹ጥቁሮች ሁላችንም ነገሥታት ነበርን› የሚሉ ቪዲዮዎች ሲያይ ያመሻል። የአፍሪካን ታሪክ ማወቅ እውነት ለሥነ ልቦናው ይጠቅመዋል ወይስ ዝም ብሎ ፖለቲካ ነው? እኛስ ምን እናድርግ? አስተማሪውንስ ላናግር?»

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ ከልጆችና ከወላጆች ጋር ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፣ ከሚመጡት ልጆች ብዙዎቹም የኛው ናቸው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በአፉ አውጥቶ የሚጠይቅ ልጅ ግን ብዙም አይገጥመኝም። አብዛኞቹ የሚመጡት ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሆዳቸውን እያመማቸው ነው። ሐኪም ያያቸዋል፣ ምንም አይገኝም። ተቀምጠን ስናወራ፣ ስናወራ፣ ክፍል ውስጥ የሆነው ነገር ቀስ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ልጅሽ ጥያቄውን ይዞ ወደ አንቺ መምጣቱን እንደ ችግር አትይው። አምኖሽ ነው የመጣው።

አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ ይጠቅመዋል። ግን አባቱ ባሰበው መንገድ አይደለም፣ ቪዲዮዎቹ በሚሉት መንገድም አይደለም። ረጅሙ መልስ ትንሽ ያስኬዳል፣ ቡናሽን ይዘሽ ተቀመጪ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በ1906 አትላንታ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ተማሪዎቹን ሲያስመርቅ ፍራንዝ ቦአስ የሚባል ጀርመን የተወለደ አንትሮፖሎጂስት ተጋብዞ ንግግር አደረገ። በአፍሪካ ታሪካችሁ የምታፍሩበት ምክንያት የለም አላቸው። ከዚያም ከሰሐራ በስተደቡብ ለአንድ ሺህ ዓመት ያህል ስለነበሩት መንግሥታት ይተርክላቸው ጀመር። ከአዳማጮቹ መካከል እዚያው ታሪክ የሚያስተምረው ዱ ቦይስ ተቀምጦ ነበር። ዱ ቦይስ ማለት ከሃርቫርድ የዶክትሬት ዲግሪ በመቀበል የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ያውም በ1895፣ ያውም በታሪክ። በዚያን ቀን 38 ዓመቱ ነው። ብዙ ቆይቶ ሲጽፍ ግን ያን ንግግር ሲሰማ ከመደነቁ የተነሳ መናገር አቃተኝ አለ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም ነበር።

እስቲ አስቢው። በርሊን ድረስ ሄዶ የተማረ፣ ራሱ ታሪክ የሚያስተምር ሰው ነው። በተማረበት ቤት ሁሉ ስለ ወገኖቹ ሲነገረው ታሪኩ ሁልጊዜ የሚጀምረው ባሮቹ ከተጫኑበት መርከብ ነው። ከመርከቡ በፊት ያለው ገጽ ባዶ ነበር። እንግዲህ እሱ በ38 ዓመቱ አፉ ከተያዘ፣ የ13 ዓመት ልጅ ዝም ቢል ምን ይገርማል?

ይኸው ዱ ቦይስ ከዚያ 9 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1897፣ ለሙያችን እስከ ዛሬ የሚያገለግል አንድ ሐሳብ ጽፎ ነበር። ጥቁር አሜሪካዊ ሁልጊዜ ራሱን በሌላ ሰው ዓይን እያየ ይኖራል፣ ነፍሱን በሚንቀው ዓለም ሜትር ይለካል የሚል ነው። ድርብ ንቃት ይሉታል። ልጅሽ ክፍል ውስጥ የደረሰበት እሱ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ቁጭ ብሎ የሚማር ልጅ ነበር። ዞረው ሲያዩት ግን ራሱን በእነሱ ዓይን አየ። ያየው ደግሞ መጽሐፉ ላይ ያለውን፣ በሰንሰለት የታሰረውን ሰው ነው። ሌላ ምስል በእጁ የለም።

የሥነ ልቦናው ጉዳይ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ልጅ ሲባል ምክንያት ፈላጊ ነው። «ለምን እንዲህ ያዩኛል?» ብሎ ይጠይቃል። ከውጭ መልስ ካላገኘ መልሱን ከራሱ ውስጥ ያወጣል። «አንድ የጎደለን ነገር ቢኖር ነው» ይላል። ጮክ ብሎ አይለውም፣ በሆዱ ነው የሚለው። ታሪክ ዋናው ጥቅሙ ይሄን «ለምን» ከልጁ ገላ አውጥቶ ከተሠራበት ቦታ ላይ ማስቀመጡ ነው። ኩራቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል፣ ባይመጣም ግድ የለም።

ስለ አሻንጉሊቶቹ ጥናት ሰምተሽ ይሆናል። ሜሚ ክላርክና ባሏ ኬኔት ክላርክ ሁለቱም እዚሁ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ናቸው፣ ሐሳቡም የጀመረው ከእሷ የማስተርስ ጽሑፍ ነው (ስሙ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የእሱ ነው፣ ይሄ የታወቀ ነገር ነው)። ከ3 እስከ 7 ዓመት የሆናቸውን 253 ጥቁር ልጆች፣ ከአርካንሳስና ከማሳቹሴትስ፣ እየጠሩ ከቀለማቸው በቀር ልዩነት የሌላቸውን ነጭና ቡናማ አሻንጉሊቶች አሳዩአቸው። ልትጫወትባት የምትፈልጋትን ስጠኝ። 67 በመቶው ነጯን ሰጡ። መጥፎ የምትመስለውንስ? 59 በመቶው ቡናማዋን። መጨረሻ ላይ «አንተን የምትመስለው የትኛዋ ናት?» ሲባሉ ያለቀሱና ከክፍሉ የወጡ ልጆች ነበሩ። በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን መለያየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሲወስን ይሄም ጥናት ከማስረጃዎቹ አንዱ ነበር።

ብዙ ሰው የማያነሳውን አንድ ነገር ልጨምርልሽ። የሰሜኖቹ (የማሳቹሴትሶቹ) ልጆች፣ ከነጭ ጋር አንድ ክፍል ይማሩ የነበሩት፣ ከደቡቦቹ አልተሻሉም። እንዲያውም ነጯን በመምረጥ ይብሱ ነበር። ይሄን የምነግርሽ ብዙዎቻችን «ጥሩ ሰፈር፣ ጥሩ ትምህርት ቤት» ብለን ቤት ስንገዛ ልጁን ከዚህ ነገር ያዳንነው ስለሚመስለን ነው። ሰፈሩ ለሒሳቡ ይጠቅመዋል። ለዚህኛው ግን መልስ የለውም።

ከዚህ ጥናት ተነስተን «ጥቁር ልጅ ራሱን ይጠላል» ብንል ደግሞ እንሳሳታለን። በ2000 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የደመረ ሥራ ታትሞ ጥቁር አሜሪካውያን ለራሳቸው ያላቸው ግምት በአማካይ ከነጮቹ ከፍ ይላል የሚል ውጤት አመጣ። ብዙ ሰው ደነገጠ። እኔ ግን እንዴት ሊሆን ቻለ የሚለው ነው ደስ የሚለኝ። ሮበርት ሴለርስ የሚባል ተመራማሪ ከጓደኞቹ ጋር ሁለት ነገሮችን ለየ። አንደኛው እኔ ራሴ ስለ ጥቁር ሰው የማስበው ነው። ሌላው ደግሞ ሰዉ ስለ ጥቁር ሰው ያስባል ብዬ የማምነው ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። «ሰዎቹ እንደሚንቁን አውቃለሁ፣ እኔ ግን ሌላ የማውቀው ነገር አለ» የሚል ልጅ አለ። ይሄ ልጅ ጥቃት ሲደርስበት ይከፋዋል እንጂ አይፈርስም። ንቀቱ እንዳለ አስቀድመው የሚያውቁ ወጣቶች፣ ድንገት ከሚደርስባቸው ይልቅ የሚጎዱት በመጠኑ መሆኑ በጥናት ታይቷል። እንግዲህ በሁለቱ መካከል ግድግዳ ያስፈልጋል። «እኔ ሌላ የማውቀው» የሚለው ነገር ከየት ይመጣል? ከቤት ይመጣል፣ ከታሪክ ይመጣል። ባዶ ሜዳ ላይ ግድግዳ አይቆምም።

ባዶ የመሰለው ገጽ ደግሞ እንዲሁ ባዶ ሆኖ አልተገኘም። ሰዎች ሠርተውበታል። ልጅሽ 13 ዓመቱ ከሆነ ይሄን በደንብ ይረዳዋል፣ እንዲያውም የመርማሪ ፖሊስ ታሪክ አድርገሽ ንገሪው።

ታላቋ ዚምባብዌን ውሰጂ። ከ11ኛው እስከ 15ኛው መቶ ዓመት አካባቢ የሾና ሕዝብ አያቶች ያለ ጭቃ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረደሩ የገነቧት ከተማ ናት። በ1871 ካርል ማውክ የሚባል ጀርመናዊ ሲያያት ይሄን አፍሪካዊ ሊሠራው አይችልም አለና ለማን ሰጣት መሰለሽ? ለንግሥተ ሳባ! የኛዋን ሴትዮ እዚያ ድረስ አስኬዷት። ሌሎቹ ደግሞ ፊንቄያውያን ናቸው አሉ። በ1905 አንድ አርኪዮሎጂስት ቆፍሮ የአገሩ ሰዎች ሥራ ነው አለ፣ በ1929 ጌርትሩድ ኬተን-ቶምሰን ሄዳ ይህንኑ አረጋገጠች። ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም። የሮዴዥያ (ያኔ የአገሪቱ ስም ነበር) ነጭ መንግሥት ከዚያም በኋላ እውነቱ በይፋ እንዳይነገር ጫና ያደርግ ነበር፣ ፒተር ጋርሌክ የሚባለው አርኪዮሎጂስትም በዚሁ ምክንያት በ1970 አገሩን ለቆ ወጣ። አገሪቱ በ1980 ነፃ ስትወጣ ስሟን ከእነዚያ ድንጋዮች ወሰደች።

ናይጄሪያ ውስጥ ኢፌ ላይም እንዲሁ ነው። ሊዮ ፍሮቤኒየስ በ1910 የነሐሱን የሰው ፊት ሲያይ ውበቱ አስደነገጠው፣ ግን የዮሩባ ሰዎች እጅ ነው ከማለት ባሕር ውስጥ ሰጠመች ለተባለችው ለአትላንቲስ መስጠት ቀለለው። ሩቅም አይደለም፤ በ1963፣ አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በተመሠረተበት ዓመት፣ ትሬቨር-ሮፐር የተባለ የኦክስፎርድ ፕሮፌሰር የአፍሪካ ታሪክ የሚባል ነገር የለም፣ ያለው አውሮፓውያን በአፍሪካ የሠሩት ታሪክ ነው፣ ሌላው ጨለማ ነው ብሎ አስተማረ።

ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? ሰውን እንደ ዕቃ ለመሸጥ መጀመሪያ ሰው አይደለም ማለት ያስፈልግ ስለነበር ነው። ለዚህ ሥራ ሁሉም ሙያ እጁን አዋጥቷል። የእኔም አልቀረም። በ1851 ሳሙኤል ካርትራይት የሚባል የሉዊዚያና ሐኪም ከጌታው የሚያመልጥ ባሪያ የአእምሮ በሽተኛ ነው ብሎ ለበሽታው ስም አወጣለት። ድራፔቶማኒያ። መድኃኒቱ ምን እንደሆነ ገምቺ፤ አለንጋ። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ሙያው ለዘረኝነት ላደረገው አስተዋጽኦ በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2021 ነው። እኔ ይሄን ለትልልቅ ልጆች ስነግራቸው ይስቃሉ፣ ከዚያ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ «እና ሌላስ ምን ዋሹ?» ይላሉ። ይህቺ ጥያቄ ስትመጣ ደስ ይለኛል። ልጁ «ምን ጎደለን» ማለቱን ትቶ «ማን ምን አደረገ» ማለት ጀምሯል ማለት ነው።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልምጣ፣ ሳልቀየመው።

ፍራንዝ ፋኖን የሚባል የአእምሮ ሐኪም ነበር። በ1925 የፈረንሳይ ቅኝ በሆነችው በማርቲኒክ ደሴት ተወለደ። እዚያ ጥቁር ልጆች ክፍል ገብተው «አባቶቻችን ጎሎች» (የጥንት የፈረንሳይ ምድር ሰዎች) እያሉ የፈረንሳይን ታሪክ ያነበንባሉ። ጥቁር ሲባል እነሱ አይመስላቸውም ነበር፤ ጥቁር ማለት አፍሪካ ያለው፣ ሴኔጋላዊው ነው። ከዚያ ልጁ ያድግና ፓሪስ ይሄዳል። በመጀመሪያው ቀን መንገድ ላይ ጥቁር መሆኑን ይነግሩታል። ማርቲኒክ ነህ ሴኔጋል ብሎ የሚጠይቀው የለም። ፋኖን ስብራቱ ያለው እዚያች ቅጽበት ላይ ነው ይለናል። ለምን? ልጁ ሳይዘጋጅ ስለደረሰበት፣ ደግሞም እስከዚያ ድረስ እሱ ራሱ ሲንቃቸው ከነበሩት ሰዎች ጋር በአንድ ስም ስለተጠራ።

«አንተ ሐበሻ ነህ» የሚለው መልስ ልክ እንደዚያ ነው። ውሸት አይደለም። ግን ልጁ መኪና መንዳት ሲጀምር የሚያስቆመው ፖሊስ ስለ አክሱም አይጠይቀውም። ያን ቀን ያለ ዝግጅት ይደርስበታል። ይባስ ብሎ አባቱ እነዚያን ልጆች «እነሱ» ብሎ ከለየለት በክፍሉ ውስጥ ሊያስጠጉት የሚችሉትን ጓደኞች ያጣል። ከወዲያም የለ፣ ከወዲህም የለ። ቢሮዬ ከሚመጡት ልጆች በጣም ብቸኞቹ እነዚህ ናቸው።

የሚገርመው ደግሞ ባለቤትሽ የያዘው ካርድ ትልቅ ካርድ ነው፤ የጣለው በተሳሳተ ቦታ ነው እንጂ። ዓድዋን ከልጁ ጋር ሲያወራ «ስለዚህ እኛ ከእነሱ እንለያለን» ብሎ ይዘጋዋል። ጥቁር አሜሪካውያን ግን እንዲያ አልሰሙትም። እነሱ እኮ ከዓድዋ በፊትም ኢትዮጵያን ይዘዋት ነበር። «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን መዝሙር በባርነት ቤት ሆነው የራሳቸው ተስፋ አድርገውት ነበር። ኒው ዮርክ ውስጥ አቢሲኒያን ባፕቲስት የምትባለው ቤተ ክርስቲያን የተመሠረተችው በ1808 ነው፤ ዓድዋ 88 ዓመት ይቀረው ነበር። በ1935 ጣልያን ሊወረን ሲዘጋጅ፣ ሰኔ ወር ላይ ጆ ሉዊስ ከጣልያናዊው ግዙፍ ከካርኔራ ጋር ያንኪ ስታዲየም ገጠመ። ሉዊስ በስድስተኛው ዙር ጣለው። ለጥቁሮቹ ያ ቡጢ ዝም ብሎ ቡጢ አልነበረም፣ ኢትዮጵያ ጣልያንን የመታችው ያህል ነበር። ጆን ሮቢንሰን የሚባለው ፓይለት ደግሞ በወሬ አልቀረም። ከቺካጎ ተነስቶ መጣና ከኢትዮጵያ ጎን ሆኖ አውሮፕላን አበረረ።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ «ኢትዮጵያውያን ራሳቸውን ጥቁር ነን አይሉም» የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር። የዛሬ ልጅ ብቻ አይደለም የተቸገረበት። ይሄን ወሬ ተነስቶ የተዋጋው ሐኪሙ መላኩ በያን ነው። ሃዋርድ ሕክምና የተማረ፣ ጥቁር አሜሪካዊት ያገባ፣ በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ያቋቋመ ሰው ነው። በ1940 ገና በወጣትነቱ አረፈ። ሃዋርድ ውስጥ ወዳጁ የነበረው ዊሊያም ሊዮ ሃንስቤሪ ከ1922 ጀምሮ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአፍሪካን ታሪክ አስተምሯል። ያኔ ባልደረቦቹ ሳይቀሩ የሌለ ነገር የሚያስተምር አድርገው ያዩት ነበር። በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትን ሸለምነው። ባለቤትሽ እነዚህን ሁለት ሰዎች ለልጁ ይንገረው። ዓድዋ ከዚያ በኋላ መለያያ አይሆንም።

ይሄን ጽፌ እዚህ ባበቃ ደስ ባለኝ። ግን ልጅሽ አማርኛ ይሰማል አይደል?

አንዲት የ10 ዓመት ልጅ አስታውሳለሁ። በቤቱ ካሉት ልጆች ጠየም የምትለው እሷ ናት። አክስቶቿ በፍቅር፣ እየሳሙ፣ «ይቺ ሻንቅላ» ይሏታል። ማንም ክፉ አላሰበም። ልጅቷ ግን ምን ማለት እንደሆነ ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ አገኘችው። ቤታችን ውስጥ «ባሪያ» የሚለው ቃል ዛሬም አለ፣ ሰው ስንሰድብ አለ፣ የዘር ሐረግ ስንቆጥር አለ። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ልታስወግድ ቃል ገብታ ነው፣ በሕግ ጨርሳ የከለከለችው በ1942 ነው። ያ ብዙ አይርቅም፤ አያቴ በደንብ ያስታውሱት ነበር። ስለዚህ «ይሄ አንተን አይመለከትም» የሚለው በዚህም በኩል አያስኬድም። በምዕራብ አፍሪካም ሰው እየያዙ ለመርከቦቹ የሸጡ ነገሥታት ነበሩ። ልጅሽ ይሄን ዛሬ ካልሰማ ነገ ስልኩ ላይ ያገኘዋል፣ ያውም «አያችሁ፣ ራሳቸው ናቸው እርስ በርስ የተሻሸጡት» ብሎ ከሚሳለቅ ሰው አፍ። ከአንቺ ቢሰማው ይሻላል። የ13 ዓመት ልጅ ይችለዋል። የማይችለው ዋሽተውኛል ብሎ ማሰቡን ነው።

ቪዲዮዎቹን በተመለከተ አትከልክዪው። አብረሽው እዪ። መሠረት የሌለው ነገር ብዙ አለባቸው፣ እውነትም አለባቸው። የማሊው ንጉሥ ማንሳ ሙሳ በ1324 በካይሮ አልፎ መካ ሲሄድ የበተነው ወርቅ የከተማዋን የወርቅ ዋጋ አወረደው መባሉ እውነት ነው። ከኋላው የተከተሉት ሰዎች ውስጥ ባሮች መኖራቸውም እውነት ነው፣ እሱን ቪዲዮው አይነግርሽም። ደግሞ ሁላችንም ነገሥታት ከነበርን ሽንኩርቱን ማን ይልጥ ነበር? ይሄን ጥያቄ እኔ አንድ ልጅ ላይ ሞክሬው ሳቀና «አያቴ» አለኝ። ከዚያ ስለ አያቱ አንድ ሰዓት አወራን።

የነገሥታት ኩራት ችግሩ ስስ መሆኑ ነው። ሰው ተነስቶ አንዱን ንጉሥ ከጣለበት ልጁም አብሮ ይወድቃል። እኔ ልጆች እንዲያውቁት የምፈልገው ለምሳሌ ኦኔሲመስን ነው። ቦስተን ውስጥ ባሪያ ነበር፣ የጌታው ስም ኮተን ማዘር ይባላል፣ ቄስ ነው። ኦኔሲመስ በአፍሪካ ልጅ ሳለ ከፈንጣጣ ቁስል ትንሽ ወስደው ቆዳውን ቧጥጠው እንዳስገቡለትና ከዚያ ወዲያ በሽታው እንደማይዘው ለጌታው ነገረው። በ1721 ቦስተን ፈንጣጣ ሲገባ ቄሱ ይሄንኑ ተናገረ፣ አንድ ሐኪም ሞከረው። ሳይከተቡ ከታመሙት 14 በመቶ ያህሉ ሲሞቱ ከተከተቡት የሞቱት 2 በመቶ ግድም ናቸው። ንጉሥ አይደለም። ስሙ እንኳ ጌታው ያወጣለት ነው። ግን ከመርከቡ በፊት እናት፣ አገር፣ እውቀት ነበረው፤ ያ እውቀት መርከቡ ውስጥ አልሰጠመም።

እንግዲህ ምን ታደርጊ ላልሽው። ከመጽሐፍ አትጀምሪ። አትላንታ ውስጥ ኤመሪ ዩኒቨርሲቲ ማርሻል ዱክና ሮቢን ፊቩሽ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለልጆች 20 ጥያቄ አዘጋጁ። አያቶችህ የት አደጉ? እናትና አባትህ እንዴት ተገናኙ? በቤተሰባችሁ ከባድ ነገር ደርሶ ያውቃል? እንዲህ ያለ ነገር ነው። ብዙውን የሚያውቁት ልጆች ለራሳቸው ያላቸው ግምት ከፍ ያለ፣ ችግር ሲመጣም ይበልጥ የሚቋቋሙ ሆነው ተገኙ። ጥያቄዎቹ ክታብ አይደሉም፤ ልጁን የሚያጠነክረው መልሱን ለማወቅ ስንት ማታ ገበታ ላይ ቁጭ ብሎ መስማቱ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ታሪክም «ድሮ ሀብታም ነበርን» የሚለው ወይም «ሁልጊዜ ወደ ላይ ነን» የሚለው አይደለም። ወጣን፣ ወደቅን፣ ተነሳን የሚለው ነው። አንቺ እንዴት እዚህ እንደደረስሽ ልጅሽ ያውቃል? የመጀመሪያ ሥራሽ ምን እንደነበረስ? ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ከዚያ እንጠብቃለን ብለን ደብቀናቸዋል።

አንድ ቅዳሜ ደግሞ ሦስታችሁም ዲሲ ግቡ። ዘጠነኛው ጎዳና ላይ፣ ሁላችን ክትፎ ከምንበላበት ቦታ ጥቂት ብሎኮች ወደ ደቡብ ስትወርዱ፣ ቁጥር 1538 አንድ ቀይ የጡብ ቤት አለ። ካርተር ዉድሰን የኖረበት ቤት ነው። ከባርነት ነፃ ከወጡ ወላጆች የተወለደ፣ በልጅነቱ የድንጋይ ከሰል ያወጣ፣ በ1912 ከሃርቫርድ ዶክትሬቱን ያገኘ ሰው። ዛሬ በየየካቲቱ የሚከበረውን የጥቁሮች ታሪክ ወር በ1926 በአንድ ሳምንት የጀመረው እሱ ነው። የሕዝቡ ታሪክ ካልተጻፈ ሕዝቡም ከሰው እንደማይቆጠር ይፈራ ነበር። ከውጭ ቆማችሁ ብታዩትም ይበቃል። ከዚያ ምሳ ብሉ። ያን ጎዳና ሐበሻ ቤቱ ያደረገው ከእነማን ቀጥሎ እንደሆነ ልጁ ራሱ ይገባዋል፣ ንግግር አታብዙበት።

ለጥያቄው ቀጥታ መልስ ስጪው ደግሞ። «አዎ፣ ጥቁር ነህ። ሐበሻም ነህ። ሁለቱንም እነግርሃለሁ።» አባቱ አብሮ ቢቀመጥ ጥሩ ነው። ካልተስማማችሁ ልጁ ፊት አትከራከሩ፣ ማታ ጨርሱት።

አስተማሪውን አነጋግሪ፣ ግን መጀመሪያ ልጁን ጠይቂው። ሳትነግሪው ከሄድሽ ሌላ ዙር ሰው ዞሮ እንዲያየው ታደርጊያለሽ። ስትሄጂ ልጄን ከዚህ ትምህርት አውጡልኝ አትበዪ። ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ክፍሉ ውስጥ ያን ቀን የሆነውን አይተሃል ወይ? ደግሞስ ከመርከቡ በፊት ስለነበረው የምታስተምረው መቼ ነው? ደህና አስተማሪ ከሆነ ሁለተኛዋን ጥያቄ ሲሰማ ማስታወሻ ይይዛል።

በነዚህ ሳምንታት እንቅልፉን፣ አበላሉን፣ ከጓደኞቹ ጋር መዋሉን ተከታተይ። ዝምታው እየላላ ከመጣ ተይው፣ በራሱ ጊዜ ያውራ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሆዱን ማመም ከጀመረው ግን ሳትቆዪ ጻፊልኝ።